ከድንኳኑ በፊት መሪው
ስለ ሰፈር፣ ስለ ካምፕና ስለ ወጣት መሪዎች ሥልጠና አጭር ታሪክ

እነሆ ማኅበራችን አሥር ዓመት ሞላው። በእነዚህ ዓመታት አብረን ለቅሶ ደርሰናል፤ ሠርግ ደግሰናል፤ እንቁጣጣሽን አክብረናል፤ አዲስ መጪውን ተቀብለን ቤትና ሥራ እስኪያገኝ ደግፈናል። በእቅፍ ይዘናቸው የመጣናቸው ልጆችም ዛሬ ቁመታቸው ከእኛ በልጧል። በየስብሰባችን ሳይነሣ የማይቀረው ጥያቄም ይኸው የልጆቻችን ጉዳይ ነው። ምን እናስተምራቸው ስንባባል፣ ቋንቋው ይቀድማል፤ ጭፈራው ይከተላል፤ ምግቡም አይቀርም። እኛ ግን በዚህ የአሥረኛ ዓመት መጽሔት ላይ አንድ ያልተለመደ ርእስ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ልጆችን ወደ ዱርና ወደ ወንዝ ዳር አውጥቶ ማሳደር፣ ከዚያም በላይ ደግሞ እነርሱን ይዞ የሚወጣውን ሰው ማሠልጠን ከየት እንደመጣና ለእኛ ምን እንደሚጠቅም ነው።

ጉዳዩ ተራ የመዝናኛ ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ልጅ ከትምህርት ቤት ወይም ከስካውት ቡድን «ቅዳሜና እሑድ ካምፕ እንሄዳለን፤ ፈርሙልኝ» የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣ በየቤታችን የሚነሣውን ክርክር ሁላችንም እናውቀዋለን። «ቤት እያለ ሜዳ ላይ ማደር ምን የሚሉት ነው?» የሚል አለ። «ሴት ልጄ ከቤት ውጭ አታድርም» የሚል አለ። ከሁሉም የሚከብደው ግን በሱዳን በገዳሪፍ አካባቢ ወይም በኬንያ በካኩማ ዓመታት የቆየው ወገናችን የሚሰጠው መልስ ነው። ለእርሱ ድንኳን የሽርሽር ዕቃ አይደለም። ድንኳን ማለት የራሽን ሰልፍ ነው፤ አቧራ ነው፤ ነገን አለማወቅ ነው። «ከድንኳን ለመውጣት ስንት ዓመት ፈጅቶብኝ፣ ልጄን መልሼ ድንኳን ላስገባ?» ቢል ማንም ሊፈርድበት አይገባም።

ይህን ሥጋት በአክብሮት ይዘን ታሪኩን ብንመረምረው፣ ድንኳንን ክብር ወይም መከራ፣ ትምህርት ወይም አደጋ የሚያደርገው ሸራው አለመሆኑን እናገኛለን። ልዩነቱ ድንኳኑን የሚተክለውና የሚያስተክለው ሰው መዘጋጀቱ ወይም አለመዘጋጀቱ ነው። (ዓመቶቹን ስንጠቅስ «ዓ.ም.» ያልነው በኢትዮጵያ፣ «እ.ኤ.አ.» ያልነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያን እንዲረዱልን እንጠይቃለን።)

ከተማ እና ሰፈር

በቋንቋችን እንጀምር። ዛሬ «ከተማ» ስንል ፎቅና አስፋልት ይታየናል። ቃሉ ግን «ከተመ» ማለትም ሰፈረ፣ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ ከሚለው የመጣ ነው። «ሰፈር»ም እንደዚሁ ከ«ሰፈረ» የወጣ ነው። አገራችን ለብዙ ዘመን ቋሚ መናገሻ አልነበራትም። ንጉሡ ከነሠራዊቱ እየተዘዋወረ ይሰፍር ነበር፤ የሰፈረበትም ቦታ ከተማ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ጽፏል። ካስደነቁት ነገሮች አንዱ ሥርዓቱ ነበር። ሰፈሩ በሄደበት ሁሉ የሚተከለው በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ስለነበረ፣ የንጉሡ ድንኳን የት እንደሚሆን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን የት እንደሚቆም፣ ገበያው በየት በኩል እንደሚውል፣ እያንዳንዱም ሹም የት እንደሚሰፍር አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

የማዕረግ ስሞቻችንም ከዚሁ ከጉዞና ከሰፈር ሥርዓት የተወለዱ ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚመራው ነው። ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ክንፍ ይመራል። ደጃዝማች ደግሞ የደጁ፣ ማለትም የንጉሡ ድንኳን ደጃፍ አዝማች ነው። እንግዲህ እነዚያ ሁሉ በክብር የምንጠራቸው ስሞች ለመሪ የተሰጡ የቦታና የኃላፊነት ስሞች ነበሩ ማለት ነው። ያለ መሪ ሰፈር የለም።

አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚሁ መንገድ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ሰፈሩ፤ መኳንንቱም በተመሩት ቦታ ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ። ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የተጓዘው ሠራዊትም በመቶ ሺህ የሚገመት ሆኖ ያንን ሁሉ ተራራና ገደል በእግሩ ሲያቋርጥ ስንቁን በአህያና በበቅሎ፣ በትከሻውም ተሸክሞ፣ በየማታው ሰፍሮ፣ በየጧቱ ነቅሎ ነበር። ካምፕ ማድረግን ከፈረንጅ የተማርን ለሚመስለን ይህ በቂ መልስ ነው።

የእረኛው ትምህርት ቤት

የቤተ መንግሥቱ እንዲህ ሲሆን የተራው ሰው ትምህርት ቤት ደግሞ እረኝነት ነበር። ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው በጎች ይዞ የወጣ ልጅ ደመናውን አይቶ ዝናቡ መቼ እንደሚደርስ ያውቃል። የትኛው ውሃ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ቅጠል እንደሚያሳክክ፣ የትኛው ዋሻ ጅብ እንደሚያድርበት ያውቃል። ያስተማሩት ታላላቆቹ እረኞች ናቸው። የእረኛ አለቃ ደግሞ በዕድሜና በችሎታ የታወቀ እንጂ በሹመት የመጣ አልነበረም። ትንሹ እያየ ይማራል፤ ሲያድግ በተራው ያስተምራል። ይህ ነገር በኋላ የምናየው የስካውት ሥልጠና ዋና መሠረት መሆኑን አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ስንቁንም እናስታውስ። በሶ እሳት አያሻውም፤ ውሃ ካለ ምግብ ነው። ዳቦ ቆሎና ቆሎ በኪስ ይያዛል። ቋንጣና ድርቆሽ ወር ቢቆዩ አይበላሹም። አገልግል ምግቡን ከነሙቀቱ መንገድ ያሻግራል። ዛሬ በካምፕ ዕቃ መደብር ውስጥ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ደረቅ ምግብ ያየ ሰው እናቶቻችን ያዘጋጁት ከነበረው ስንቅ ጋር ቢያወዳድረው ምንም አያስገርመውም።

ልብሱም የራሱ ዕውቀት አለው። ጋቢ ጥጥ በመሆኑ ደረቅ ሳለ እጅግ ይሞቃል፤ ከረጠበ ግን ብርዱን ወደ ገላ ያመጣል። በርኖስና የመንዝ ባና ሱፍ በመሆናቸው ረጥበው እንኳ ሙቀት ይይዛሉ። ዝናብ ሲመጣ ገሣ የሚለብሰው የደጋ እረኛ ይህን በመጽሐፍ አላነበበም፤ በኑሮ አወቀው። ዛሬ በአሜሪካ ለወጣት መሪዎች በሚሰጠው ሥልጠና ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ይኸው ነው፦ በቀዝቃዛና በዝናባማ ቀን ጥጥ አትልበስ፤ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ልበስ።

መሪውን ማሠልጠን እንዴት ተጀመረ?

የስካውት እንቅስቃሴ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ጄኔራል ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1907 ሃያ ያህል ልጆች ይዞ በብራውንሲ ደሴት ሙከራ አደረገ። የሀብታም ልጅና የሠራተኛ ልጅ አንድ ላይ ሰፈሩ። በትንንሽ ጓዶች ተከፍለው፣ ከመካከላቸው አለቃ ተሹሞላቸው፣ ገመድ ማሠርን፣ እሳት ማንደድን፣ ፈለግ መከተልን ተማሩ። በማግሥቱ ዓመት በ1908 መጽሐፉ ሲወጣ ልጆች በየመንደሩ ራሳቸው እየተሰበሰቡ ቡድን ማቋቋም ጀመሩ። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁ በዝቶ መሪው ጠፋ። ፈቃደኛ የሆነ መምህር ወይም ቄስ ቢገኝም ልጆቹን ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚያሳድራቸው አያውቅም።

ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1919 በለንደን አጠገብ ጊልዌል ፓርክ የሚባል ቦታ ለስካውት ተገዛ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የመጀመሪያው የመሪዎች ሥልጠና ተካሄደ። ስሙም ዉድ ባጅ ተባለ። የሥልጠናው ብልሃት ቀላል ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ንግግር አልሰሙም። እንደ ልጆቹ በጓድ ተከፍለው፣ ድንኳን ተክለው፣ ተራ ገብተው እያበሰሉ፣ በዝናብ እየረጠቡ ሰነበቱ። ልጅ ሲራብና ሲበርደው፣ ሌሊት ሲፈራ ምን እንደሚሰማው በራሳቸው አዩት። ሥልጠናውን ለጨረሰ የሚሰጠው ሽልማትም ከቆዳ ጠፍር ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት የእንጨት ዶቃዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዶቃዎች ባደን ፓወል ከደቡብ አፍሪካ ካመጣው ሐብል የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ሐብሉም የዙሉው አለቃ የዲኒዙሉ ነበረ ይባላል። እንግዲህ በዓለም ሁሉ ዉድ ባጅን የጨረሰ የስካውት መሪ በአንገቱ የሚያስረው ምልክት ከአፍሪካ የሄደ ነው ማለት ነው።

ስካውትና ዘመቻ በኢትዮጵያ

በአገራችንም ስካውት ከጣሊያን ወረራ በፊት ገብቷል። በ1928 ዓ.ም. ወረራው ሲጀመር በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የቦይ ስካውት ልጆች ነበሩ፤ የዚያን ዘመን ፎቶግራፎችም በሰልፍ ያሳዩናል። ከነፃነት በኋላ እንቅስቃሴው በትምህርት ቤቶች ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር የዓለም ስካውት ድርጅት አባል ሆነ። ከዚያ ዘመን የመጡ አባቶች ባለ መሐረቡን ልጅ በበዓል ቀን ሕዝብ ሲያስተናግድ ያስታውሱታል።

በዚያው ዘመን ሌላም ትልቅ ነገር ተሞክሯል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ተደረገ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. «ዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ታወጀና ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ፊደል አስቆጠሩ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የገበሬ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ዕድሜያቸው ሰባ የተጠጋ ወይም ያለፈ ወገኖቻችን ዘመቻውን ሲያነሡ ሳቅም እንባም ይቀላቀልባቸዋል። ከተሜው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩን ያወቀው በዚያን ጊዜ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። የሰፈሩበት አገር ደግሞ በመሬት ጥያቄ እየታመሰ ነበር። በየጣቢያው ከባለርስቶችና ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሣ፤ የሞቱም ነበሩ፤ ብዙዎችም ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ። ወጣቱ ፍላጎት ሳይጎድለው፣ በልኩ የተዘጋጀ መሪና ጥበቃ ሳይኖረው ሲሰማራ ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ደርግ የስካውትን ማኅበር አስቀረ፤ ወጣቱም በ1972 ዓ.ም. በተቋቋመው በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር፣ በአኢወማ፣ እንዲታቀፍ ተደረገ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ስካውት እንደገና ተነሣ። ይሁን እንጂ አንድ ትውልድ ሙሉ መሪ ሳያፈራ ያለፈ እንቅስቃሴ ቶሎ አያገግምም። ድንኳን በገንዘብ ይገዛል፤ ልጆችን ሜዳ ላይ የሚያሳድር ሰው ግን በዓመታት ነው የሚበቅለው።

በነገራችን ላይ «ስካውት» የሚለው ቃል በአገራችን ሌላም ትርጉም አለው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንካበር እስከ ግጭና ጨነቅ መንገደኛን የሚያጅበው ባለጠመንጃ ጠባቂ «ስካውት» ይባላል። የአካባቢው ገበሬ ልጅ ነው። ካርታ ሳያይ ይመራል፤ ውርጩን በጋቢውና በእሳት ዳር ያሳልፋል። የእረኛው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ሰፈራችን ሾርት ኖርዝም ካምፕ ነበረች

አሁን ወደምንኖርበት እንመለስ። በሃይ ስትሪት ላይ በበራው ቅስት ሥር ስናልፍ፣ ከመንገዱ ወደ ምዕራብ ጥቂት እልፍ ብሎ ያለውን ጉዴል ፓርክን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1851 ለከተማው የሰጡት ሐኪሙ ሊንከን ጉዴል ናቸው። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳና ፕሬዚዳንት ሊንከን ፈቃደኛ ወታደር ሲጠሩ፣ የኦሃዮ ወጣቶች የተሰበሰቡት በዚሁ ፓርክ ነበር። ካምፕ ጃክሰን ተባለ። ከእርሻና ከሱቅ የመጡ፣ ሰፈር ምን እንደሆነ የማያውቁ ልጆች ዛሬ ልጆቻችን ኳስ በሚጫወቱበት ሣር ላይ ሰፈሩ። ብዙም ሳይቆይ ቦታው አልበቃ ብሎ ከከተማው በስተ ምዕራብ ካምፕ ቼዝ ተቋቋመ። የሃይ ስትሪት ቅስቶች ታሪክም ከሰፈር ጋር የተያያዘ ነው። በ1888 የዚያ ጦርነት አርበኞች ለጉባኤ ኮሎምበስ ሲሰበሰቡ ነው መንገዱ በእንጨት ቅስት ያጌጠው። የአሁኖቹ በ2002 የተተከሉ ናቸው።

ኦሃዮ ለአሜሪካ ስካውት ያበረከተችውም ቀላል አይደለም። ቦይ ስካውትስ ኦቭ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1910 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ በሲንሲናቲ የተወለደው ዳንኤል ካርተር ቢርድ ነበር። እርሱም ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የራሱን የልጆች ማኅበር አቋቁሞ የዱር ኑሮን ያስተምር ነበር። የመሪዎች ሥልጠናን በአሜሪካ ያስፋፋው ሰው ታሪክ ግን ለእኛ ለስደተኞች ይበልጥ ቅርብ ነው። ዊልያም ሂልኮርት እ.ኤ.አ. በ1900 በዴንማርክ ተወለደ፤ በ1926 በእንግድነት መጥቶ በዚያው ቀረ። እንግሊዝኛ ከሌላ ቋንቋ በኋላ የተማረው ይህ ሰው ለአሜሪካ ልጆችና መሪዎች መጽሐፍ ጻፈ። በ1936 በኒው ጀርሲ በተደረገው የዉድ ባጅ ሙከራ ላይ ተካፈለ። በ1948 የመጀመሪያው የአሜሪካውያን ዉድ ባጅ ሥልጠና ሲካሄድ መሪው እርሱ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1972 ድርጅቱ ለከተማ ልጆች የሚስማማ ይሆናል በሚል ፕሮግራሙን ለወጠ፤ የድንኳኑ፣ የገመዱና የእሳቱ ትምህርት እንዲቀንስ ተደረገ። አባሉ ሳይጨምር ቀነሰ። ያን ጊዜ ጡረታ የወጣው ሂልኮርት ተመልሶ ያለ ደመወዝ አዲስ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1979 ሲታተም የዱሩ ትምህርት ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው የከተማ ልጅ ዱር አይፈልግም የሚለው አስተሳሰብ ተሞክሮ መውደቁን ነው።

የዛሬ መሪ ምን ይማራል?

በማዕከላዊ ኦሃዮ የስካውቱን ሥራ የሚመራው የሳይመን ኬንተን ካውንስል ሲሆን፣ እርሱም በ1994 ሦስት ካውንስሎች ተዋሕደው የመሠረቱት ነው። በሰሜን በኩል በደላዌር ካምፕ ላዛረስን፣ በምሥራቅ በኒውርክ አጠገብ ካምፕ ፎሊንግ ሮክን ይዟል። አገር አቀፉ ድርጅት ደግሞ ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስካውቲንግ አሜሪካ ተብሏል። ለአዲስ መሪዎች የሚሰጠው መሠረታዊ የሜዳ ሥልጠና የሚካሄደው እንደ ድሮው ውጭ በማደር ነው። የሰፈር ቦታ መምረጥ፣ ድንኳን መትከል፣ ቋጠሮዎች፣ የቢላዋና የመጥረቢያ አያያዝ፣ ካርታና ኮምፓስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ምግብ ማብሰል፣ ዕፅዋትና እንስሳት ይማሩበታል።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ዕውቀት ለዚህ ትልቅ መሠረት ነው፤ ግን ሁሉም እንዳለ አይሠራም። ጥቂት ምሳሌዎች እንስጥ።

አገር ቤት ዝናብና ነጎድጓድ ሲመጣ ዛፍ ሥር መጠለል የተለመደ ነው። ይህ ገዳይ ልማድ ነው። መብረቅ ረጅሙንና ብቻውን የቆመውን ይፈልጋል። የሠለጠነ መሪ ነጎድጓድ እንደሰማ ልጆቹን ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና ያስገባል፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ አያስወጣቸውም።

ውሃ ማፍላትን ሁላችንም እናውቃለን። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ በእንዲህ ያለ ከፍተኛ ቦታ የሚጠጣ ውሃ ለማፍላት ሦስት ደቂቃ ይመከራል። በኦሃዮ ዝቅተኛ ምድር ግን በደንብ ከተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ሳማን አይተን እንርቃለን፤ ፖይዝን አይቪን ግን አናውቀውም። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ቅጠል አለው፤ ዛፍ ላይ ሲወጣ ፀጉራም ሐረግ ይመስላል። የነካው ገላ ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ያሳክካል። መዥገርም እንደ ከብት መዥገር ብቻ የሚታይ አይደለም። እንደ ሰሊጥ ፍሬ የምታንሰው ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ስለዚህ ከዱር ሲመለሱ የልጆቹን ገላ፣ በተለይ ብብትን፣ ከጆሮ ጀርባንና ፀጉርን መፈተሽ ግድ ነው።

ማገዶም ከቤት ተጭኖ አይሄድም። አረንጓዴው ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2003 በኦሃዮ ከተገኘ ወዲህ አሽ የሚባለውን ዛፍ ጨርሷል፤ ከቦታ ቦታ ያዛመተውም ሰው የሚጭነው እንጨት ነው። ማገዶውን በሚነድበት ቦታ መግዛት፣ እሳቱንም በተዘጋጀለት ክብ ውስጥ ብቻ ማንደድ፣ ሲያበቃም ረመጡ እጅ እስኪያስነካ ድረስ በውሃ ማጥፋት ሕጉ ነው። አገር ቤት ረመጥን ዳፍኖ ለነገ ማሳደር ሙያ ነበር፤ እዚህ ግን ጥፋት ነው።

ወላጅ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ

ስለ ሥልጠና ስንጽፍ መራራውን ታሪክ መዝለል አይገባንም። ቦይ ስካውትስ ኦቭ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የኪሳራ ጥበቃ የጠየቀው በልጅነታቸው በመሪዎች ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ባሉ ሰዎች ክስ ምክንያት ነው። የከሳሾቹ ቁጥር ከ82,000 አልፎ ነበር። ለካሣውም ከ2.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተመድቧል። ይህ ታሪክ የሚያስተምረው መሪ ጥሩ ሰው መሆኑ ስለተነገረ ብቻ ልጅ እንደማይሰጠው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሕጉ ጠብቋል። ማናቸውም ጉዞ ላይ ዕድሜያቸው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የተመዘገቡ፣ ቢያንስ ሁለት መሪዎች መኖር አለባቸው። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይሆንም። ሴት ልጆች ካሉ የተመዘገበች ሴት መሪ ትኖራለች፤ ድንኳኑም የተለየ ነው። ማንኛውም መሪ የልጆች ጥበቃ ሥልጠና ይወስዳል፤ በየጊዜውም ያድሳል። የቀድሞው ቦይ ስካውት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሴት ልጆችን ደረጃ በደረጃ ተቀብሏል። ከ1912 ጀምሮ ያለው የገርል ስካውትም ለብቻው አለ። እኛ ወላጆች «መሪው ማን ነው? ሁለተኛውስ? ሥልጠና ወስደዋል?» ብለን መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ መሪ ቢያጋጥም ልጁን ቤት ማስቀረት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከእኛው መካከል ሁለት እናቶችና ሁለት አባቶች ሠልጥነው አብረው መውጣታቸው ነው።

ለሁለተኛው አሥር ዓመት

ከእቴጌ ጣይቱ ድንኳን እስከ ጊልዌል፣ ከዘመቻ ጣቢያ እስከ ጉዴል ፓርክ ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመራናል። የልጆች ቁጥር፣ የድንኳን ብዛት፣ የበጀት መጠን በኋላ የሚመጡ ናቸው። የሚቀድመው መሪው ነው። አለዚያ ተረቱ እንደሚለው ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል።

በመሆኑም ለማኅበራችን አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያ ፈቃደኛ የሆኑ አራት ወይም ስድስት አባላት፣ ወንዶችና ሴቶች፣ የሜዳውንና የልጆች ጥበቃውን ሥልጠና ይውሰዱ። ቀጥሎ በጉዴል ፓርክ ቀን ቀን ልጆቹ ድንኳን መትከልና ካርታ ማንበብ ይለማመዱ፤ ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ይግባ። ከዚያ በኋላ ብቻ አንድ ሌሊት፣ ቅርብ በሆነው በደላዌር በኩል፤ ሲጠነክሩም አንድ ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዘው ከሆኪንግ ሂልስ ዋሻዎችና ፏፏቴዎች። በዚያ ጉዞ ላይ በሶውን የሚበጠብጡት እናቶች፣ የደመናውን ምልክት የሚያሳዩት በልጅነታቸው እረኛ የነበሩት አባቶች፣ የዘመቻውን ታሪክ የሚያወጉት ሽማግሌዎች ይሁኑ። አማርኛውም እሳት ዳር ተቀምጠው ሲማሩት ይበልጥ ይገባቸዋል።

በስደት ካምፕ የኖረውን ወገናችንንም አንረሳም። እርሱ ከማናችንም በላይ ያውቃል፦ በጥቂት ውሃ ብዙ ሰው ማሳደርን፣ በነፋስ የማይነቀል ድንኳን መትከልን፣ የፈራ ልጅ ማጽናናትን። ያ ዕውቀት በመከራ የተገኘ ቢሆንም ዕውቀት ነው። ልጆቹ በፈቃዳቸው በሚተኙበት፣ ጧት ነቅለው ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት ድንኳን ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ቢቀመጥ፣ ለእርሱም ለልጆቹም ሌላ ታሪክ ይጀመራል ብለን እናምናለን።

እግዚአብሔር ለሁለተኛው አሥረኛ ዓመታችን በሰላም ያድርሰን።